የድሮውን ሞቶ ጉዚ 850 ቲ 3 በቤት መጠገን፦ ከቫልቭ እስከ ካርዳን

ሞቶ ጉዚ 850 ቲ 3 እ.ኤ.አ. በ1975 ገበያ ላይ የዋለ፣ በኮሞ ሐይቅ ዳር ባለችው በማንዴሎ ዴል ላሪዮ የተሠራ የጣልያን ሞተር ብስክሌት ነው። 844 ሲሲ ሞተሩ ሁለት ሲሊንደር አለው። ሲሊንደሮቹ በ90 ዲግሪ ተከፍተው ግራና ቀኝ ስለወጡ ካንዴላው፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) እና ቫልቩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚደረስባቸው ናቸው። ሰንሰለት የለውም፤ ኃይሉን ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ካርዳን፣ ማለትም የሚሽከረከር ዘንግ፣ ነው። በቤቱ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተመቸ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ማግኘት ይከብዳል።

ያም ሆኖ ብዙዎቹ ሚኒሟቸው (ቤንዚን ሳይሰጥ የሚዞሩበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ተረብሾ፣ እየተንተፋተፉና ቤንዚን እየበሉ ይገኛሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሥራው ከመጨረሻው ተጀምሯል። ሞተሩ ሲረበሽ መጀመሪያ የሚነካው ካርቡራቶሩ ነው፤ መነካት ያለበት ግን መጨረሻ ላይ ነው። የቫልቭ ክፍተት ሚኒሞውን ይለውጣል። የፑንቲና (የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ መገናኛ) ክፍተት ካንዴላው የሚተኩስበትን ቅጽበት፣ ማለትም ፋዜውን፣ ይለውጣል። ፋዜው ደግሞ የካርቡራቶሩን ማስተካከያ ሁሉ ያዛንፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቫልቭ፣ ፑንቲና፣ ፋዜ፣ ከዚያ ካርቡራቶር ነው። ይህ ካልተጠበቀ ያስተካከሉትን ራስዎ መልሰው ያበላሹታል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም፦ የሚሊ ሜትር መፍቻዎች፣ ባለ ስድስት ማዕዘን (አለን) ቁልፎች፣ ጥሩ ካቻቪቴ፣ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ ሁለት ሽቦ የተበየደላት ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል፣ መልቲ ሜትርና የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ መፍቻ። የመጨረሻውን ለቅንጦት አይቁጠሩት። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም፣ ብሎኖቹ ብረት ናቸው፤ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ከ10 ኒውተን ሜትር በላይ ሲጠብቅ ጥርሱን ከአሉሚኒየሙ ነቅሎ ሊወጣ ይችላል።

የፋብሪካውን የመለዋወጫ መጽሐፍ በጣልያንኛም ቢሆን ያግኙት። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታና ጓርኒሲዮን ከዚያው ቋንቋ የመጡ ቃላት ስለሆኑ ግማሹን ሳይማሩት ያነቡታል።

ሞተር ብስክሌቱን በመሃል መቆሚያው ያቁሙት፤ የኋላ ጎማው ከመሬት መነሳት አለበት። ሞተሩ የሚነሳበት ሥራ ሁሉ በር ተከፍቶ ወይም ደጅ ይሁን።

ቫልቭ

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ የበረደ መሆን አለበት፤ ማታ አቁሞ ጠዋት መሥራት ይሻላል።

1. ሁለቱን ካንዴላዎች ይፍቱ። ዙሪያቸውን አስቀድመው በአየር ወይም በብሩሽ ካላጸዱ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

2. የቴስታታውን ክዳኖች ይፍቱ። ጓርኒሲዮኑ ከተጣበቀ በፕላስቲክ መዶሻ ጎኑን መታ መታ ያድርጉት፤ ካቻቪቴ አስገብተው አይፈልቅቁት። የተጫረ ፊት ዘይት ማፍሰሱን አያቆምም።

3. አምስተኛ ማርሽ ያስገቡና የኋላ ጎማውን በእጅ ወደፊት ያዙሩት፤ ካንዴላ ስለሌለ ሞተሩ በቀላሉ ይዞራል።

4. በሞተሩና በካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መጋጠሚያ በቀኝ በኩል አንዲት የጎማ ውታፍ አለች፤ ያውጧት። በእጅ ባትሪ ሲያበሩ የቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) ጠርዝ ይታያል። ቮላኖው ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። «ዲ» ዴስትራ፣ ማለትም ቀኝ ነው። «ኤስ» ሲኒስትራ፣ ማለትም ግራ ነው። ከእያንዳንዱ ፊደል አጠገብ ያለው ጭረት ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ካለው ምልክት ጋር ሲገጥም የዚያ ወገን ፒስተን ጫፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ጭረቱ በቆሻሻ ከተሸፈነ ይጥረጉና ነጭ ቀለም ይቀቡት።

5. ከቀኝ ይጀምሩ። ከኋላ፣ በካርቡራቶሩ በኩል ያለው ቫልቭ የመግቢያው ነው፤ ከፊት፣ በማርሚታው በኩል ያለው የመውጫው ነው። ጎማውን እያዞሩ የመግቢያውን ቫልቭ ይመልከቱ። ወርዶ ተመልሶ ከወጣ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው «ዲ» ትክክለኛው ነው። ሁለቱንም ቢላንቸሪዎች (ቫልቮቹን የሚገፉትን ክንዶች) በጣት ሲነቀንቋቸው በጥቂቱ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ተወጥሮ ከያዘ ያሉት በሌላኛው ዙር ላይ ነው፤ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩለት።

6. በቢላንቸሪውና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ለመግቢያውም ለመውጫውም 0.22 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያዎ ላይ 0.22 ከሌለ 0.10ን እና 0.12ን ደርበው ይጠቀሙ። እነሱም ከሌሉ፣ 0.20ው በቀላል መጎተት የሚያልፍበት፣ 0.25ቱ ግን የማይገባበት ክፍተት ልክ ነው።

7. ማስተካከያውን ይዘው መቆለፊያ ዳዶውን ያጥብቁ፤ ከዚያ እንደገና ይለኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ማስተካከያውን ይዞት ስለሚዞር የመጀመሪያው ልኬት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በዚህ ሥራ በብዛት የሚፈጸመው ስህተት ይኸው ነው።

8. በ«ኤስ» ግራውን ይድገሙ።

ትንሽ የሚንጣጣ ቫልቭ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ድምፁ የጠፋው ነው። የመውጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ ቴስታታው ላይ ሲያርፍ ነው። ክፍተቱ ሲያልቅ በደንብ አይዘጋም፣ ሙቀቱም መሄጃ ያጣል፣ ከዚያ ጠርዙ ይቃጠላል። ክፍተቱ በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ነውና ቴስታታውን ለማውረድ ይዘጋጁ።

የቴስታታው ጓርኒሲዮን በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ከ4 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም ሜትር (ከ39 እስከ 44 ኒውተን ሜትር) ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህ የሚሠራው ከቫልቭ ልኬት በፊት ነው፤ ማጥበቁ ክፍተቱን ይለውጠዋል።

ፑንቲና

ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሁለት ፑንቲናዎች አሉ፤ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፑንቲና፣ የራሱ ኮንደንሰርና የራሱ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) አለው። ይህ ለብልሽት ፍለጋ ትልቅ ዕድል ነው። አንደኛው ወገን ከተኛ የሁለቱን ኮይሎች ሽቦ፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም፣ ያለዋውጡ። ብልሽቱ አብሮ ከተሻገረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ወደ ኮንደንሰርና ወደ ፑንቲና ይሂዱ። አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት በአሥር ደቂቃ የታመመውን ለይተዋል።

ክዳኑን ያንሱ። ጎማውን እያዞሩ አንዱ ፑንቲና እስከ መጨረሻው የተከፈተበት ላይ ያቁሙ። የሁለቱን ከንፈሮች ፊት ይመልከቱ። ግራጫና ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። አንደኛው ላይ ጉድጓድ፣ ሌላው ላይ ጉብታ ካለ ኮንደንሰሩ እየሞተ ስለሆነ ፑንቲናውን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ክፍተቱ ከ0.37 እስከ 0.43 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 0.40 ላይ ማሳረፍ ጥሩ ነው። ከለኩ በኋላ ንጹሕ ወረቀት በከንፈሮቹ መሃል አስገብተው ይጎትቱ። ከመለኪያው የቀረ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ሞተሩ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል።

ፑንቲናውን የሚገፋው ጉብታ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ግራሶ ይቀቡ። ደረቅ ከሆነ የፑንቲናው እግር ቶሎ ያልቃል፤ እግሩ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ካንዴላውም እየዘገየ ይተኩሳል። ከመጠን በላይ ከቀቡት ደግሞ ከንፈሩ ላይ ይረጫል።

ከፑንቲናው ሥር ሞተሩ ሲፈጥን ፋዜውን የሚያስቀድሙ ክብደቶችና ትናንሽ ሞላዎች አሉ። መሃሉን ዘንግ በጣት ጠምዝዘው ሲለቁት በራሱ ተመልሶ መግባት አለበት። ካልተመለሰ ዘይት ደርቆበታል ወይም ሞላው ተስቧል። ቤንዚን ሰጥተው ሲለቁ ፍጥነቱ ቶሎ የማይወርድ፣ ሚኒሞው አንዴ 900 አንዴ 1800 የሚል ሞተር ብስክሌት ካለዎት መጀመሪያ እዚህ ይመልከቱ። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ካርቡራቶር ተፈታትቷል!

ፋዜ

ፋዜው ያለ ውድ መሣሪያ በአምፖሏ ይሠራል። የአምፖሏን አንድ ሽቦ ከቀኙ ፑንቲና ሽቦ ጋር፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር ያገናኙና ቁልፉን ይክፈቱ። ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ አምፖሏ ጨለማ ናት፤ በተከፈተበት ቅጽበት ትበራለች። ያ ቅጽበት ካንዴላው የሚተኩስበት ነው። ቁልፉን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አይተዉት፤ ኮይሉ ይግላል።

ቮላኖው ላይ ከፊደሉ ጭረት ሌላ የማስቀደሚያ ጭረቶች አሉ። ለፊደሉ የሚቀርበው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚተኮስበት ነው፤ ራቅ ያለው ክብደቶቹ ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ የሚደረስበት ነው። በአምፖል የሚሠራው በቅርቡ ጭረት ነው።

ጎማውን ወደፊት ብቻ በዝግታ ያዙሩ። ምልክቱን ካለፉት እዚያው ላይ ወደኋላ አይመልሱት፤ ሩብ ዙር ወደኋላ ሄደው እንደገና ወደፊት ይምጡ። በሞተሩ ፊት ያለው የፋዜ ሰንሰለት ላላ ያለ ስለሆነ ወደኋላ ተመልሶ የተወሰደ ልኬት ዲግሪዎችን ይስታል። አምፖሏ ጭረቱ ሲገጥም ካልበራች የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ ላላ አድርገው አካሉን በጥቂቱ ያዙሩትና ይሰሩት። በዚህ የሚስተካከለው የቀኙ ወገን ነው።

ግራው የሚስተካከለው ቀኙ ካለቀ በኋላ ነው። አምፖሏን ወደ ግራው ፑንቲና ያዛውሩ፤ አሁን ግን የዲስትሪቢዩተሩን አካል አይንኩ። የግራው ፑንቲና የተቀመጠበትን ትንሽ ሰሌዳ ቪቴዎቹን ላላ አድርገው በማንሸራተት በ«ኤስ» በኩል ያለውን ጭረት ያስገጥሙ። አካሉን ካዞሩት ቀኙን መልሰው አበላሹት። የካንዴላዎቹን ክፍተት 0.6 ሚሊ ሜትር አድርገው ይመልሷቸው።

ካርቡራቶር

አሁን ተራው የካርቡራቶሩ ነው። ቲ 3 ላይ ያሉት ዴሎርቶ ቪኤችቢ 30 ናቸው፤ ቀላልና ታማኝ ካርቡራቶሮች። መጀመሪያ ካርቡራቶሩን ከቴስታታው ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ጠምዘዝ አድርገው ይመርምሩ። ዕድሜ የጠገበ ጎማ ከሥር በኩል ይሰነጠቅና የማይታይ አየር ያስገባል። ሞተሩ በርዶ ሳለ አስነስተው በመጋጠሚያው ዙሪያ ውኃ ይርጩ። ድምፁ ከተለወጠ ጎማውን ሳይቀይሩ ወደፊት አይሂዱ።

የታችኛውን ጽዋ አውርደው ይጠቡ። ቀዳዳ ያላቸውን ጥቃቅን የነዳጅ መመጠኛዎች ፈትተው በአየር ይንፏቸው። በሽቦ አይጎርጉሯቸው፤ በፀጉር ስፋት ብትሰፋ እንኳ ልኳ ጠፋ።

ሁለቱን ካርቡራቶሮች እኩል ለማድረግ፣ በየካርቡራቶሩ አናት ላይ ያለው የቤንዚን ገመድ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ልቅ ይሁን። የአየር መግቢያ ቱቦዎቹን አውርደው አንድ ጣት በቀኙ፣ አንድ ጣት በግራው ተንሸራታች በር ላይ አድርጉና ሌላ ሰው እጀታውን በዝግታ ያዙር። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ መነሳት አለባቸው። ጣት ለዚህ ከዓይን ይበልጣል።

ከዚያ ሞተሩን አስነስተው አሥር ደቂቃ ያህል ያሙቁት። በአንድ ወገን ያለውን ትንሿን የድብልቅ ቪቴ ፍጥነቱ እስኪወርድ በዝግታ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ እንደገና እስኪወርድ ወደ ውጭ ያዙሯትና ከሁለቱ መሃል ሞተሩ ፈጥኖ የሚዞርበት ላይ ይተዉት። ሌላውንም እንዲሁ። ሚኒሞውን በበር መያዣዎቹ ቪቴዎች ወደ 1100 ዙር ያውርዱ። ሁለቱ እኩል መሥራታቸውን ለማወቅ የአንዱን ካንዴላ ሽቦ ለአፍታ አውጥተው በትርፍ ካንዴላ ከሞተሩ አካል ጋር ያስነኩት፤ ከዚያ የሌላውን። አየር ላይ የተንጠለጠለ ሽቦ ኮይል ያቃጥላልና ማስነካቱን አይርሱ። ፍጥነቱ በሁለቱም በኩል በእኩል መጠን መውረድ አለበት።

ዘይት

ሞተሩ ሞቆ ሳለ የዘይቱን ሥራ ይቀጥሉ። 3 ሊትር 20 ደብልዩ 50 ይወስዳል፤ በየ3000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። መለኪያው ዘንግ የሚነበበው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ገብቶ ነው። ከከፍተኛው መስመር አያሳልፉ፤ ትርፉ በመተንፈሻው ወደ አየር ማጣሪያው ይተፋል።

ፊልትሮው የተደበቀው ኮፓው (በሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ነው፤ ለመቀየር ኮፓውን ማውረድ ግድ ይላል። ይህ ብዙዎችን ያሰንፋል፤ በዚህም የተነሳ ለዓመታት ያልተቀየረ ፊልትሮ ይገኛል። አዲሱን በእጅ አጥብቀው ካሠሩ በኋላ ዙሪያውን አንድ ትልቅ የቱቦ ፋሸታ (ማሰሪያ) ያድርጉበትና የፋሸታው ጉብታ ከኮፓው አካል ጋር ተደግፎ እንዳይዞር አድርገው ይተዉት። ፊልትሮው በንዝረት ከላላ ከውጭ ምንም አይታይም፤ የዘይት ግፊቱ ግን ይጠፋል።

ኮፓው ወርዶ ሳለ የተቀመጠውን ዝቃጭ በነጭ ጨርቅ ላይ ጠርገው ብርሃን ላይ ይመልከቱ። በ1970ዎቹ የተሠሩት ሲሊንደሮች ውስጣቸው በክሮም የተለበጠ ነው፤ ክሮሙ ከዕድሜ ብዛት ይላጣል። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጩ ስስ ብልጭታዎች ካገኙ ሞተሩን አያስነሱት። ክሮሙ ኩሽኔታዎቹን ከመብላቱ በፊት ቴስታታው ይውረድና ሲሊንደሮቹ ይታዩ። መድኃኒቱ በኒካሲል (ኒኬል ያለበት ጠንካራ ልባጥ) የተለበጡ ሲሊንደሮችን ከነፒስተናቸው መግጠም ነው።

በሞተሩ ጀርባና በካምቢዮው መሃል ዘይት ሲንጠባጠብ የቮላኖው ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ማሸጊያ) ሄደ ተብሎ ሞተሩ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ በፊት ከሞተሩ ጀርባ ወደ ሻንሲው የሚወጣውን ወፍራም የመተንፈሻ ቱቦ በጣት ይዳስሱ። ቱቦው ሲሰነጠቅ ዘይቱ በዚያው መንገድ ወርዶ ልክ ፓራኦሊዮ ያለቀ ያስመስላል።

ካምቢዮው 0.75 ሊትር 80 ደብልዩ 90 ይወስዳል። የኋላው ዲፈረንሻል 0.25 ሊትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትሩ የሞሊብዲነም ተጨማሪ ይሁን። ፎርቼላው (የፊት ሹካው) ጥቂት ነው የሚፈልገው፣ በእግር 60 ሚሊ ሊትር ብቻ፤ ንዝረት የሚያበርደው ክፍል ለብቻው የታሸገ ነው።

ቻርጅ

የባትሪውን ቮልት ሞተሩ ቆሞ፣ ከዚያ በ3000 ዙር ይለኩ። የመጀመሪያው 12.6 ገደማ፣ ሁለተኛው ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ካልጨመረ ዲናሞውን ከመክሰስዎ በፊት ቁልፉን ከፍተው የቻርጅ መብራቷን ይመልከቱ። ዲናሞው ሥራውን የሚጀምረው በዚህች አምፖል በኩል በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነው፤ አምፖሏ ከተቃጠለች ቻርጅ የለም። አምፖሏ ደህና ሆና ካልበራች ወደ ሮተሩ (የዲናሞው የሚዞር ክፍል) ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀዋል ወይም የሮተሩ ሽቦ ተበጥሷል። መልቲ ሜትሩን በሮተሩ ሁለት የመዳብ ቀለበቶች ላይ ሲያደርጉ ከ3 እስከ 4 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። ከቀለበቱ ወደ ብረቱ ዘንግ ካነበበ ደግሞ የሮተሩ ሽቦ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል።

ፍሬን

የቲ 3 ፍሬን የተያያዘ ነው፤ ፔዳሉ የኋላውንና የፊት ግራውን ዲስክ አንድ ላይ ይይዛል፣ የእጁ ሊቨር የፊት ቀኙን ብቻ። ስለዚህ በፔዳሉ በኩል ያለው የፍሬን ዘይት ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ አየርም በቀላሉ ይቀርበታል። ዶት 4 ይጠቀሙና በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩ። አየር ሲያስወጡ የማስወጫዋ ቪቴ ከካሊፐሩ ሁሉ ከፍተኛው ቦታ ላይ መሆን አለባት። ካልሆነች ካሊፐሩን ፈትተው ከፍ አድርገው ይያዙት፤ በሸራዎቹ መሃል እንጨት ያስገቡ፣ አለበለዚያ ፒስተኑ ዘሎ ይወጣል። ለሳምንታት «አልጠነክር አለ» የሚባለው ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ የሚድነው በዚህ ነው። ጎማው በእጅ ሲዞር ከብዶ ከያዘ ጎሚኒው (የካሊፐሩ ፒስተን ማሸጊያ ጎማ) አብጧል ወይም ከጀርባው ዝገት ሞልቷል፤ ካሊፐሩ ይፈታና ጎሚኒዎቹ ይቀየሩ።

ካርዳን

ከካምቢዮው ጀርባ ያለውን የጎማ ሽፋን እየለጠጡ ስንጥቅ ይፈልጉ። ውኃ በዚያ ገብቶ ክሮቼራውን (የካርዳኑን መስቀለኛ መታጠፊያ) ያደርቀዋል፤ ክሮቼራው በጉዞ ላይ ከተሰበረ ደግሞ የካምቢዮውን ቤት ሊሰብር ይችላል። ማርሽ አስገብተው የኋላ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ወዝወዝ ያድርጉት። ጥቂት ልቅነት የጥርሶቹ ነው። «ቀጭ» የሚል ደረቅ ድምፅ በእያንዳንዱ ውዝወዛ ከተመለሰ ግን የክሮቼራው መርፌዎች አልቀዋልና ሳይቀየር አይነዳ።

ጎማ ለመቀየር የኋላው ፔርኖ (የጎማው መሃል ዘንግ) በወጣ ቁጥር ጎማው ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚጋጠምባቸውን ጥርሶች በቤንዚን አጥበው የሞሊብዲነም ግራሶ ይቀቡ። ጥርሶቹ ጫፋቸው እንደ መጋዝ ከሾለ በግራሶ አይመለሱምና ማጋጠሚያው ይቀየር። ፔርኖውን መልሰው ሲያስገቡም በስሱ ግራሶ ያስነኩት፤ ደረቅ የገባ ፔርኖ በሚቀጥለው ጊዜ በመዶሻ ነው የሚወጣው።